የእቴነሽ ጫማና የደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ

(በማህበራችን የጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሦስት አባላት ስም የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ተከራክረን ሳንስማማ መለያየታችንን ታስታውሳላችሁ። ቡናው እንኳ ቶና ሳይደርስ ነው የተነሳነው። ሰብሳቢያችን ሦስታችንን ጠርታ፣ «አንድ ቀን ተቀመጡና ምከሩበት፤ የደረሳችሁበትን ለአባላት ትናገራላችሁ» አለችን። ተቀመጥን፤ ደንቡን ገልጠን አነበብን። በዚህ መሐል ከመካከላችን አንዷ የእቴነሽ ዲሮን ነገር አነሳች። ከዚያ ወዲያ ደንቡ ተከድኖ ስለ እሷ ስናወራ መሸ። ወሬው ግን ከንቱ አልነበረም፤ የፈለግነው መልስ እዚያው ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ ዛሬ ከደንቡ በፊት ስለ አንድ ሩጫ እንነግራችኋለን። ሩጫ የማትወዱ ትንሽ ታገሱን።

ሩጫው በእኛ ቋንቋ 3,000 ሜትር መሰናክል ይባላል። «መሰናክል» ስንል ግን በየስልጠናው የምንሰማው ዓይነት ንግግር ልናደርግ የመጣን እንዳይመስላችሁ። የሕይወት መሰናክል፣ የሴቶች መሰናክል፣ መሰናክልን ወደ ዕድል መለወጥ እየተባለ ቃሉ ጣዕሙን አጥቷል። አዳራሹ ሲሞቅ እንቅልፍ የሚያመጣ ቃል ሆኗል። እኛ የምናወራው ስለ እንጨቱ ነው፤ ቁመትና ክብደት ስላለው፣ ጉልበት ስለሚልጠው እንጨት።

በአትሌቲክስ መሰናክል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአጭር ርቀቱ ነው፤ ሴቶች 100 ሜትርና 400 ሜትር ይሮጡታል። እዚያ መሰናክሉ ቀላል ስለሆነ እግር ሲመታው ይወድቃል፤ ሯጯም ታልፋለች። በዚያኛው የአገራችን ልጆች እምብዛም አይታወቁም። ሁለተኛው የእኛዎቹ የሚሮጡት የ3,000 ሜትሩ ነው። የዚህኛው አይወድቅም። ከ80 እስከ 100 ኪሎ የሚመዝን ነው፤ ከባዱ አንድ ኩንታል ሙሉ ማለት ነው። ብትመቺው የምትወድቂው አንቺ ነሽ፤ እሱ እዚያው ቆሞ ይቀራል። ቁመቱ ለሴቶች 76.2 ሳንቲ ሜትር፣ ለወንዶች 91.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ ጎን 4 ሜትር ያህል ስለሚሰፋ ብዙ ሴቶች አንድ ላይ ይዘሉታል። መከራውም የሚመጣው ከዚህ ነው። ከኋላ ያለችው ሯጭ የምታየው የፊተኛዋን ጀርባ ነው፤ እንጨቱ የሚታያት እግሯ ስር ሲደርስ ነው። አንዷ ከተደናቀፈች ሌሎቹ በላይዋ ይከመራሉ።

በአንድ ሙሉ ዙር አምስት መሰናክል አለ፤ አራቱ ደረቅ ናቸው፣ አንዱ ውሃ አለው። ውድድሩ እስኪያልቅ ደረቁ 28 ጊዜ፣ ውሃ ያለው 7 ጊዜ ይዘለላል፤ በድምሩ 35 ጊዜ ነው። የውሃው ከእንጨቱ ማዶ 3.66 ሜትር የሚረዝም ገንዳ አለው። ገንዳው እንጨቱ ስር ጥልቅ ሆኖ ወደ ፊት እየሳሳ ይሄዳል። ብልሃቱ አንዱን እግር እንጨቱ ላይ ማሳረፍ፣ ገፍቶ መስፈንጠር፣ ከዚያም ውሃው በሳሳበት ማረፍ ነው። ጉልበት ያነሳት ቅርብ ታርፍና ጥልቁ ውስጥ ትገባለች። ጫማው ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ይረጥባል፤ እግሩም እየደከመ ይሄዳል። ሰባተኛው ዝላይ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም።

ከመካከላችን ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ ወደ ሽሮሜዳ በመውረድ ልጆች ያሳደጉ እናቶች አሉ። ክረምት ሲሆን ያ ቁልቁለት ምን እንደሚመስል ለእነሱ አንነግራቸውም። የተጋደመ ባህር ዛፍ መሻገር አለ፤ ጎርፍ የቆፈረውን ቦይ መዝለል አለ፤ በሚያንሸራትተው ቀይ አፈር ላይ ሰውነትን የሚያህል ሸክም ይዞ መቆም አለ። አንዷ እናታችን ይህን ውድድር በቴሌቪዥን አይተው፣ «ይሄማ የእኛ መንገድ ነው፤ ሸክሙ ብቻ ነው የቀረው» ብለው አስቀውናል። እውነትም ጎህ ሲቀድ እንጦጦ ላይ ሁለት ዓይነት ሴቶች ይተላለፋሉ። አትሌቶቹ ሽቅብ ይሮጣሉ፣ እናቶቻችን ቁልቁል ይወርዳሉ። ሁለቱም ቀድመው የሚያዩት መንገዱን እንጂ እርስ በርሳቸውን አይደለም።

ይህ ሩጫ ለሴቶች የተፈቀደው በጣም ዘግይቶ ነው። ወንዶች 3,000 ሜትር መሰናክልን በኦሊምፒክ መሮጥ የጀመሩት በ1912 ዓ.ም. ነው። ሴቶች በኦሊምፒክ የሮጡት በ2000 ዓ.ም. ቤይጂንግ ላይ ነው። በመካከሉ 88 ዓመት አለ! በዓለም ሻምፒዮና እንኳ የገባው በ1997 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ያሸነፈችውም የኡጋንዳዋ ዶርከስ ኢንዚኩሩ ናት። ምክንያቱ የቆየ ነው። በ1920 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሲሮጡ፣ ሲጨርሱ ደክሟቸው የወደቁ አሉ ተብሎ በጋዜጣ ተጋነነ። ወንዶችስ ሲጨርሱ አይወድቁም? ያ ርቀት ግን ለሴቶች ተከልክሎ እስከ 1952ቱ የሮም ኦሊምፒክ ድረስ ቆየ። ማራቶን እስከ 1976 ዓ.ም. አልተፈቀደም፤ 10,000 ሜትር እስከ 1981 ዓ.ም.። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ ርቀቱ በሴቶች ሲሮጥ ገና ሁለተኛው ኦሊምፒክ ነበር። ደራርቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብላ ብትወለድ ኖሮ የምትሮጥበት ውድድር አልነበራትም ማለት ነው። መሰናክሉ ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ ተፈቀደ። ውሃ ውስጥ መዝለል፣ እንጨት ላይ መውጣት የሴት አይደለም የተባለ ይመስላል። እንጨት ላይ መውጣት የሴት አለመሆኑን እንጦጦ ላይ የነገረን የለም።

የእኛ ልጆች ግን ከተፈቀደ በኋላ ጊዜ አላጠፉም። ቤይጂንግ ላይ ዘምዘም አህመድ ለፍጻሜ ደርሳለች። ከዚያ ሶፊያ አሰፋ፣ ሕይወት አያሌውና እቴነሽ ዲሮ መጡ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ዩጂን ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ወርቅውሃ ጌታቸው በ8 ደቂቃ ከ54.61 ሰከንድ ሁለተኛ፣ መቅደስ አበበ በ8 ደቂቃ ከ56.08 ሰከንድ ሦስተኛ ወጡ። ወርቅውሃ እኮ ከአንድ ዓመት በፊት በቶኪዮ ኦሊምፒክ 800 ሜትር ነበር የሮጠችው! ባለፈው መስከረምም ሲምቦ ዓለማየሁ በቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አምጥታለች። ወርቅ ግን በዚህ ርቀት፣ በኦሊምፒክም ሆነ በዓለም ሻምፒዮና፣ ለኢትዮጵያ ሴቶች እስካሁን አልመጣም። ይመጣል። ወደ ነገራችን እንመለስ።

ነሐሴ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ፍልሰታ። የሪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች 3,000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ተካሄደ። ሦስት ምድብ ነው። ከየምድቡ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የወጡት በቀጥታ ያልፋሉ፤ ከቀሩት ደግሞ ጥሩ ሰዓት ያላቸው ስድስት ይጨመራሉ። በድምሩ 15 ሴቶች ለፍጻሜ ይደርሳሉ። እቴነሽ በሦስተኛው ምድብ ነበረች። ከፊት ሆና እየመራች ነው። ውድድሩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ከኋላዋ ያሉት ተደናቅፈው ወደቁ፤ እሷም አብራ ተጠለፈች። ስትነሳ የቀኝ እግር ጫማዋ ከእግሯ ወልቋል፣ ተበላሽቷል።

እዚህ ላይ ያደረገችውን ልብ በሉ። መጀመሪያ ጫማውን መልሳ ልታጠልቀው ሞከረች። ሌሎቹ እየሄዱ ነው። ጫማው እምቢ አለ። አውልቃ ጣለችው፤ ካልሲውንም ጣለችው። በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንዱ ባዶ እግሯን ቀጠለች። በዚያ በማይወድቀው እንጨት ላይ በባዶ እግሯ ወጣች፤ ውሃው ውስጥም በባዶ እግሯ ገባች። የአንድ እግር ጫማ ይዞ መሮጥ ሁለቱንም አውልቆ ከመሮጥ ይከፋል፤ አንዱ ወገን ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፤ እርምጃው ያነክሳል። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበላት። ሰባተኛ ሆና ጨረሰች፣ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሰባተኛ አያሳልፍም። ሰዓቷም አላሳለፋትም። በወጣው ውጤት መሠረት ለእሷ ኦሊምፒኩ አልቋል።

ብዙ ሰው ታሪኩን እስከዚህ ነው የሚያወራው፤ በባዶ እግሯ ሮጠች፣ ጀግና ናት። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ መሮጡም ይነሳል። ልክ ነው፣ ጀግና ናት። እኛ ግን ስናወራ ያመሸነው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። በአትሌቲክስ ደንብ ሯጭ በሌላ ሰው ምክንያት ከተጠለፈ አቤት ማለት ይቻላል። ነገር ግን በውጤት ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ውጤቱ ከተነገረ በ30 ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበት። አስቡት። አሁን ከውሃ የወጣች፣ የምታለቅስ፣ የአንድ እግር ጫማዋ የጠፋ ልጅ በ30 ደቂቃ ውስጥ አቤቱታ ልታቀርብ ነው? አትችልም። አቤት የሚልላት ሌላ ሰው ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ቡድን አቤት አለላት። ዳኞቹ አዩት፤ ተቀበሉት። በዚያው ምድብ የተደናቀፉት የአየርላንዷ ሳራ ትሬሲና የጃማይካዋ አይሻ ፕራውትም ተፈቀደላቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዋናው። ሦስቱ ሲገቡ ማን ወጣ? ማንም አልወጣም። ቀድመው ያለፉት 15ቱ እንዳሉ ናቸው፤ ሦስቱ ተጨመሩ። ነሐሴ 9 ቀን በፍጻሜው መነሻ መስመር ላይ የቆሙት 18 ሴቶች ነበሩ። የማንም ቦታ ለእቴነሽ አልተሰጠም፤ መስመሩ ነው የሰፋው።

ከባድ የሆነውንም እንናገር። መስመሩ ሲሰፋ ሌሎቹ ምንም አልከፈሉም ማለት ልክ አይደለም። አሥራ አምስት ሴት በምትሻማበት እንጨት ላይ አሥራ ስምንት ሲሻሙ ጠለፋው ይበዛል፤ ይህን ከእኛ የተሻለ እነሱ ያውቁታል። ደግሞም አቤቱታው ለእቴነሽ ሜዳሊያ አልሰጣትም። በፍጻሜው 15ኛ ነው የወጣችው። ወርቁን ለባህሬን የሮጠችው ሩት ጄቤት ወሰደች፤ ከእኛ ሶፊያ አሰፋ አምስተኛ ሆነች። እቴነሽ በአቤቱታው ያገኘችው መነሻ መስመር ላይ መቆምን ብቻ ነው። ከዚያ ያለውን በራሷ እግር ሮጠችው።

አሁን በዚህ ላይ አንድ ሌላ ሩጫ እንጨምር፤ ባለፈው ስብሰባ «ይህን በር ከከፈትን ሁሉም ሰበብ ይዞ ይመጣል» ላላችሁት እናቶች ነው። ትክክለኛ ፍርሃት ነው። በ2009 ዓ.ም. ለንደን ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ የኬንያዋ ቤትሪስ ቼፕኮይች ውሃው ጋ ስትደርስ ወደ መሰናክሉ መታጠፉን ረሳችው። ቀጥ ብላ በመሙ ሮጠች! ሌሎቹ ሲዘሉ እሷ ውሃውን አልፋ ሄዳለች። ስህተቷን ስታውቅ ቆመች፣ ዞረች፣ ተመልሳ ዘለለችው። ማንም አልጠለፋትም፤ ማንም ቦታዋን አልመለሰላትም። ከኋላ ተነስታ አራተኛ ወጣች፤ ወርቁን አሜሪካዊቷ ኤማ ኮበርን ወሰደች። ቼፕኮይች በዓመቱ ሞናኮ ላይ በ8 ደቂቃ ከ44.32 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ እስካሁን የደረሰባት የለም።

ስለዚህ ዳኞቹ የሚጠይቁት ጥያቄ «አዝነንልሻል ወይ?» የሚል አይደለም። ለቼፕኮይችም እኮ ሰው አዝኖላታል። ጥያቄው «እግሩ የማን ነው?» የሚል ነው። የራስሽ እግር ከሆነ ዞረሽ ትዘያለሽ፣ ያጣሽውን ጊዜ ራስሽ ትከፍያለሽ። የሌላ እግር ከሆነ አቤት ይባልልሻል። ይህ ርኅራኄ አይደለም፤ ደንብ ነው። ርኅራኄ የሚያስፈልገው ደንቡ ሲጎድል ነው፤ ርኅራኄ ደግሞ ለምታምር አባል ይበዛል፣ አንደበቷ ለሚያጥር ያንሳል። ይህን በእድራችንም አይተነዋል።

አንድ ነገር ብቻ ከሶፊያ አሰፋ እንጨምርና ወደ ደንቡ እንሄዳለን። ሐምሌ 30 ቀን 2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ ሶፊያ በ9 ደቂቃ ከ9.84 ሰከንድ ሦስተኛ ወጣች። አራተኛ የወጣችው የኬንያዋ ሚልካ ቼሞስ ከኋላዋ የገባችው በ0.04 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ዓይን አይለየውም። ያን ቀን አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ ነበረች። ከዓመታት በኋላ በ2008 ዓ.ም. በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ውጤቷ ተሰረዘ። የቱኒዚያዋ ሐቢባ ግሪቢ ወርቁን፣ ሶፊያ ብሩን፣ ቼሞስ ነሐሱን አገኙ። ሶፊያ ለአራት ዓመት ያህል የነሐስ ባለቤት ስትባል የኖረችው ብሯ እያለ ነው። ኢትዮጵያ በሴቶች 3,000 ሜትር መሰናክል ያላት ብቸኛው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ይኸው ነው።

ያ ብር የተመለሰው ሰው ስላዘነላት አይደለም። መዝገብ ስለነበረ ነው። ማን ስንተኛ ወጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ከስንት ሽርፍራፊ ጋር፣ ሁሉም ተጽፎ ተቀምጧል። ከላይ አንዷ ስትወጣ ከታች ያለው ያለ ጭቅጭቅ ይደረደራል። ያ የ0.04 ሰከንድ ልዩነት ባይጻፍ ኖሮ ብሩ የማን እንደሆነ ማን ይለይ ነበር? ጸሐፊያችን በየሳምንቱ ያስገባነውን ገንዘብ ሁለት ቦታ ስትጽፍ፣ በደብተራችንም በመዝገቡም፣ «ምን ያህል ትጽፊያለሽ» እያልን እንስቃለን። አንሳቅ። እሷ የምትጽፈው አንድ ቀን ተራ የሚመለስበትን ነው።

እንግዲህ አንቀጽ ዘጠኝ። ሁላችሁም በቃል ታውቁታላችሁ፤ «ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ቁጠባዋን ያላስገባች አባል የብድር ተራዋ ይሰረዛል» ይላል። ይህ ደንብ ለምን እንደተጻፈ መሥራቾቹ ነግረውናል። በመጀመሪያው ዓመት ብድር ወስደው የጠፉ ነበሩ፤ ማህበሩ ሊፈርስ ነበር። ደንቡ ነው ያቆመን። «ደንብ ደንብ ነው» ያላችሁን እናከብራለን፤ ይህ እንጨት እንዲወድቅ አንፈልግም። ደረቱን ሰጥቶ የሚቆም መሆን አለበት።

ክርክሩን ያነሳው የአንዲት እህታችን ጉዳይ ነው። ስሟን አንጠራም፤ እሷም አልወደደችም። ስድስት ዓመት አንድ ሳምንት ሳታጓድል የቆጠበች ናት። የኖረችበት ቤት ለልማት ተነሳ። ከሽሮሜዳ ወጥታ ከከተማው ዳር ሄደች፤ ልጆቿን ትምህርት ቤት ማዛወር፣ ዕቃ ማጓጓዝ፣ የፈትል ደንበኞቿን ማጣት፣ ሁሉም በአንድ ወር ወረደባት። አራት ሳምንት ቀረች። በአምስተኛው ሳምንት የአራቱንም ይዛ መጣች፤ ሁለት ታክሲ ለውጣ። ተራዋ ሁለተኛ ነበር። በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ተሰረዘ። ብድሩን የፈለገችው የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት ነበር፤ በአዲሱ ሰፈር ፈትል የሚገዛ ስለሌለ።

እህታችን በዚያ ስብሰባ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሌሎቻችን ስንጮህ እሷ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ለምን አቤት አላልሽም ብለን ስንጠይቃት፣ «ደንቡ ላይ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም» አለችን። ልክ ናት፤ የለም። ደንባችን መሰናክሉን አቁሟል፤ ተጠልፋ የወደቀች ሴት የምትናገርበትን 30 ደቂቃ ግን አልጻፈም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንቀጽ ዘጠኝ እንዳለ ይቆይ፤ ከሥሩ አንድ ንዑስ አንቀጽ ይጨመር። ተራዋ የተሰረዘባት አባል ስረዛው በተነገረ በሁለት ሳምንት ውስጥ አቤት ማለት ትችላለች። ራሷ መምጣት ካልቻለች፣ ታማም ሆነ ርቃ፣ ማንኛዋም አባል ስለ እሷ አቤት ልትልላት ትችላለች። ይህን ቃል በተለይ ያዙልን፤ «ማንኛዋም አባል» የሚለውን። የወደቀች ሴት ብዙ ጊዜ የመጨረሻዋ ተናጋሪ ናትና። ጉዳዩን ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሦስት አባላት ያዩታል። የሚጠይቁትም አንድ ነገር ነው፤ እግሩ የማን ነው? የቀረችበት ነገር ከእጇ ውጭ ነበር ወይስ በእጇ ነበር? ባለፈው ዓመት ገንዘቡን ለሠርግ ልብስ አውጥታ የሳምንቱን ያጓደለች አባል ነበረችን። ልብሱ አምሮባት ነበር፣ ሁላችንም አመስግነናል፤ በዚህ አንቀጽ ግን አቤት ብትል አይሰማላትም።

አቤቱታዋ ከተሰማላት አባል የማንንም ተራ አትወስድም። አሁን ተራ የያዙት እንደያዙ ይቆያሉ፤ እሷ በዚያው ዙር መጨረሻ ላይ ትጨመራለች። በጎደሉት ሳምንታት ልክ መቀጫዋን ትከፍላለች፤ እሱ አይቀርላትም። ይህ ለሌሎቻችን ነጻ አይደለም። ካዝናችን ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው ሲጨመር ቀጣዩ ዙር የሚጀምረው ጥቂት ሳምንት ዘግይቶ ነው። ሒሳቡን ከጸሐፊያችን ጋር አይተነዋል። በቀጣዩ ዙር የመጀመሪያውን ተራ የያዛችሁ ትጠብቃላችሁ። ይህን ሳናሳውቃችሁ እጅ አውጡ ብንላችሁ አታለልናችሁ ማለት ነው።

ከሦስታችን አንዷ በአንድ ነገር አልተስማማችም፤ እሱንም መስማት አለባችሁ። አንድ አባል በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አቤት ማለት የለባትም ትላለች። ሁለታችን ደግሞ ችግር በዓመት አንዴ ብቻ እንዲመጣ ማን አዘዘው እንላለን። እሷም መልስ አላት፤ ሦስት ዳኞች በየወሩ ለአቤቱታ ከተቀመጡ ማህበሩ ወደ ፍርድ ቤት ይለወጣል፣ ሥራ ይቆማል ትላለች። በዚህ ላይ አልተግባባንም፤ ስለዚህ ለብቻው ድምጽ ይሰጥበት።

ሌላው ያልቆረጥነው ነገር አለ። ለእህታችን የዚህ ዙር ጉዳይ አዲሱ አንቀጽ ወደኋላ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ደንብ ወደኋላ ሲሠራ ነገ ሌላ ሰው ወደኋላ እንዲሠራበት ሊያደርግ ይችላል የሚል ስጋት አለን። በሌላ በኩል ለሶፊያ ብሩ የተመለሰላት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ዘግይቷል ተብሎ አልተተወም። ይህን እናንተ ትወስናላችሁ። እህታችን ዛሬ መጥታለች፤ ጉዳዩ ሲነሳ ልትናገር ትፈልግ እንደሆነ ጠይቀናት «እናንተ ተናገሩ» ብላናለች።

የንዑስ አንቀጹን ጽሑፍ በሦስት ቅጂ ለጸሐፊያችን ሰጥተናል፤ ማንበብ የማትችሉ ካላችሁ አሁን ጮክ ብላ ታነብላችኋለች። መጀመሪያ ጥያቄ እንቀበል። ድምጹ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ አንዱ በአንቀጹ ላይ፣ ሌላው በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አቤት ማለት ላይ፣ ሦስተኛው ወደኋላ መሥራቱ ላይ። ቡናው ደግሞ ዛሬ እስከ በረካ ይደርሳል፤ ማንም አይነሳም።